የአባት ዕዳ በልጅ ትከሻ

አንባቢ ሆይ፥ ብዙ ሰዎች ዕዳ የአበዳሪውና የተበዳሪው ጉዳይ ብቻ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ዕዳ ወደ ቤት የገባ እንደ ሆነ፥ ያልተበደረውን ሕፃን እንኳ ሳይቀር ያስከፍላል። ይህን እንድታስተውል፥ በልብ ወለድ መጻሕፍቱ በዓለም ሁሉ ስለ ታወቀው ስለ እንግሊዛዊው ደራሲ ስለ ቻርልስ ዲክንስ የልጅነት ዘመን በአጭሩ እንነግርሃለን። ዓመተ ምሕረቱን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ቻርልስ ዲክንስ በ1812 ዓ.ም. በፖርትስመዝ ከተማ ተወለደ፤ ከ8 ልጆችም ሁለተኛው ነበረ። አባቱ ጆን ዲክንስ በባሕር ኃይል ደመወዝ መክፈያ መሥሪያ ቤት ጸሓፊ ነበረ። ይህ ሰው ክፉ አልነበረም። ልጆቹን ይወዳል፤ ልጁ በታመመ ጊዜም ሌሊቱን አጠገቡ ሆኖ ያስታምመው ነበር። ነገር ግን አንድ ጕድለት ነበረበት፤ ወጪው ከገቢው ይበልጥ ነበር። ከዐቅሙ በላይ መኖርን ስለ ወደደ፥ የዛሬውን ጕድለት ነገ በሚመጣው እሞላዋለሁ እያለ ይበደር ነበር።

ቤተ ሰቡ በ1822 ዓ.ም. ወደ ሎንዶን በመጣ ጊዜ ዕዳው ጸንቶባቸው ነበር። ቻርልስ ከትምህርት ቤት ቀረ። የቤቱ ዕቃ ጥቂት በጥቂት በመያዣ ሄደ፤ ልጁም እጅግ የሚወዳቸውን የአባቱን መጻሕፍት በገዛ እጁ ተሸክሞ ለሽያጭ ይወስድ ነበር።

በ1824 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ ወር፥ 12 ዓመት እንደ ሞላው፥ በቴምዝ ወንዝ ዳር ባለው የጫማ ቀለም ፋብሪካ ሥራ አስገቡት። ቤቱ ያረጀና አይጥ የሚርመሰመስበት ነበር። ልጁ ቀኑን ሙሉ የቀለሙን ማሰሮ እየከደነና እያሰረ ወረቀት ይለጥፍበታል፤ የሳምንት ደመወዙም 6 ወይም 7 ሽልንግ ብቻ ነበር።

ጥቂት ቀን እንዳለፈ፥ አባቱ ለአንድ ዳቦ ጋጋሪ 40 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ መክፈል ስላቃተው ተይዞ ማርሻልሲ በሚባለው ወህኒ ቤት ታሰረ። በአገራችን በቀድሞ ዘመን ባለ ዕዳ ከአበዳሪው ጋራ በሰንሰለት ተቈራኝቶ ይሄድ እንደ ነበረ ሰምተሃል፤ በእንግሊዝ አገርም የዚያን ጊዜ ሕግ ባለ ዕዳውን በግንብ ውስጥ ይዘጋበት ነበር። እናቱም ታናናሾቹን ልጆች ይዛ ከባልዋ ጋራ ለመኖር ወደ ወህኒ ቤቱ ገባች። ቻርልስ ግን በሰው ቤት ተከራይቶ ለብቻው ቀረ። እሑድ እሑድ ከእኅቱ ከፋኒ ጋራ ወላጆቹን በወህኒ ቤት ይጐበኝ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ተመልከት። ይህ ልጅ ደመወዙን በተቀበለ ጊዜ ገንዘቡን በትክክል ከፋፍሎ፥ እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልሎ፥ የሚበላበትን ቀን ስም ይጽፍበት ነበር። አባት ያልያዘውን ሒሳብ ልጁ ከረኃብ የተነሣ ያዘ። ገንዘቡ ቀድሞ ያለቀ እንደ ሆነ፥ የሚጠብቀው ባዶ ሆድ ነበርና።

አባቱ ሦስት ወር ያህል ታስሮ፥ ለባለ ዕዳዎች በወጣው ሕግ በግንቦት ወር ተፈታ። ዳሩ ግን አባት በተፈታ ቀን ልጁ አልተፈታም፤ ወደ ፋብሪካው መመላለሱን አልተወም። ከዚያ በኋላ አባቱ ከፋብሪካው ሰው ጋራ ተጣልቶ አስወጣው። እናቱ ግን ወደ ሥራው ይመለስ ብላ ነበር። አባቱ እንቢ ብሎ ትምህርት ቤት አስገባው። ቻርልስ ይህን የእናቱን አሳብ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ከልቡ አላወጣውም። ዕዳ በእናትና በልጅ መካከል እንኳ ምን ዓይነት ቍስል እንደሚያኖር ከዚህ ዕወቅ።

ኋላም ዝናው በዓለም በተሰማ ጊዜ፥ ያን ዘመን ከልጆቹ እንኳ ሰወረ። በ1869 ዓ.ም. በልደት በዓል ቤተ ሰቡ ቃል በማስታወስ ሲጫወቱ፥ የዚያን ፋብሪካ ስም ድንገት ጠራ፤ ምን ማለቱ እንደ ሆነ ግን ከልጆቹ አንድም አላወቀም። ምስጢሩ የተገለጠው በ1870 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ፥ ወዳጁ ጆን ፎርስተር የሕይወቱን ታሪክ በጻፈ ጊዜ ነው።

ሆኖም መራራውን ነገር መራራ አድርጎ ብቻ አላስቀረውም። ዴቪድ ኮፐርፊልድ በሚባለው መጽሐፉ የሚሠቃየውን ልጅ፥ ሊትል ዶሪት በሚባለውም ያንኑ ወህኒ ቤት ገለጠ፤ አንባቢዎቹም ለድኻ ልጅ እንዲራሩ አስተማራቸው። አባቱ ግን ከመበደር አልታረመም፤ በ1834 ዓ.ም. ዳግመኛ በዕዳ ተያዘ፥ ልጁም ረዳው። በ1841 ዓ.ም. ደግሞ ቻርልስ፥ ከእርሱና ከሚስቱ በቀር በስሙ የተበደረውን ሰው ዕዳ እንደማይከፍል በጋዜጣ እስከ ማስታወቅ ደረሰ። ማርሻልሲ በ1842 ዓ.ም. ተዘጋ፤ በ1869 ዓ.ም. በወጣው ሕግም ሰውን በዕዳ ማሰር በእንግሊዝ አገር ከጥቂት ነገር በቀር ቀረ።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፥ ሕግ ወህኒ ቤቱን ዘጋ፤ ከዐቅም በላይ የመኖርን ምኞት ግን ሕግ ሊዘጋው አይችልም፤ እርሱን መዝጋት የአንተ ፈንታ ነው። ለድግስ ወይም ለልብስ ልትበደር በተነሣህ ጊዜ፥ አስቀድመህ የሚተኛውን ልጅህን ተመልከት፤ ከፋዩ እርሱ ሊሆን ይችላልና። ጆን ዲክንስ ልጁን ይወድ ነበር፤ ነገር ግን መውደዱ ብቻ ልጁን ከፋብሪካው አላዳነውም። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ዕዳ ለሮሜ ክርስቲያኖች የጻፈውን ምክር በልብህ አኑር። አበዳሪም ብትሆን፥ ብዙ ዕዳ ከተተወለት በኋላ ባልንጀራውን በጥቂት ገንዘብ ያሳሰረውን የወንጌሉን ባሪያ አስብ፤ የባለ ዕዳህን በር ስትመታ ከበሩ በስተ ኋላ ልጆች እንዳሉ አትርሳ።