ዓፄ ቴዎድሮስና የጋፋቱ መድፍ

የአገር ኃይል በእጅ ጥበብም ላይ የተመሠረተ መሆኑን አስቀድመው ከተረዱት የኢትዮጵያ ነገሥታት አንዱ ዳግማዊ ዓፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በፊተኛ ስማቸው ካሣ ኃይሉ የሚባሉት እኚህ ንጉሥ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። ቋራ የሱዳን ጠረፍ በመሆኑ በዚያ ወገን ከሰፈረው የግብፅ ጦር ጋር መጋጨታቸው አልቀረም። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ በተባለው ሥፍራ የካሣ ሠራዊት መድፉን በምሽግ ጠምዶ በጠበቀው የግብፅ ጦር ላይ ዘምቶ፣ ብዙ ሰው አልቆበት ተመለሰ። ጀግንነት ብቻውን መድፍን እንደማይመልስ በዚያ ቀን ታየ፤ ከዚያም ወዲህ የመድፍ ነገር ከካሣ ልብ አልወጣም።

ካሣ በ1845 ዓ.ም. ራስ አሊን በአይሻል፣ በ1847 ዓ.ም. ደግሞ ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል ነሥተው፣ በዚያው በደረስጌ ማርያም ዓፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በ1855 ዓ.ም. ወዳጅነትንና እርዳታን ፈልገው ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። መልሱ በጊዜው ሳይመጣ ቢቀር ተቆጥተው በ1856 ዓ.ም. ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ። ከውጭ የሚጠብቁት ሲዘገይባቸውም ፊታቸውን በአገር ውስጥ ወደነበሩት አውሮፓውያን መለሱ።

ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት፣ በስዊስ አገር ከባዝል አቅራቢያ ከቅዱስ ክሪሾና የመጡ ወንጌል ሰባኪ የእጅ ባለሙያዎች ሰፍረው ነበር። ከእነርሱ መካከል ቴዎፊል ቫልድማየር፣ ከሌሎቹም አውሮፓውያን የፖላንድ ተወላጅ የሆነው ሞሪትዝ ሃል ይገኙ ነበር። ሰባኪዎቹ መድፍ መሥራት አያውቁም ነበርና ትእዛዙ ሲደርሳቸው አመነቱ፤ ንጉሡ ግን አለቀቋቸውም። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከከሸፉ በኋላ ምድጃው እየታደሰ፣ ቅርጹ እየተሻሻለ መድፍ መቅለጥ ጀመረ። ጥቂት ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም በዚያ ፊደልና የእጅ ሥራ ተማሩ።

የጋፋት ሥራ ፍጻሜ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ ሞርታር ነው። ስያሜው ሩሲያ በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ከተከበበችበት ከተማዋ የተወሰደ ሲሆን፣ ክብደቱ 7 ቶን ያህል ይሆናል። ይህን ያህል ነሐስ በአንድ ጊዜ አቅልጦ ወደ ቅርጹ ማፍሰስ፣ የረጅም ዘመን ልምድ ለሌለው ምድጃ ከባድ ፈተና ነበር፤ ፈተናውም ታልፏል። ነገር ግን ሞርታር ጥይቱን ወደ ላይ ወርውሮ ከግንብ ጀርባ የሚያወርድ የከበባ መሣሪያ ነው። የማይንቀሳቀስን ምሽግ ለማፍረስ ይጠቅማል እንጂ ተበታትኖ ለሚገሰግስ እግረኛ አይስማማም።

ሁለተኛው ጉድለት ክብደቱ ነው። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፎቻቸውን በጋሪ አስጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ። ቀሎ የሚሄድ መንገደኛ በጥቂት ቀናት የሚዘልቀው ጉዞ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። በጅዳና በበሽሎ ገደል ላይ መንገድ መጥረግ ነበረባቸው፤ ሴባስቶፖልን ብቻ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ይጎትቱት ነበር። ንጉሡም ከሠራዊቱ ጋር በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ፣ ጉድጓድ ይሞሉ ነበር። ይህ መንገድ ከሥራዎቻቸው ሁሉ የሚደነቅ ነው፤ ኋላም እንግሊዞች ራሳቸው ወደ መቅደላ ሲገሰግሱ ተጠቅመውበታል።

ሊወጋቸው የመጣው ጀኔራል ሮበርት ናፒየር በሙያው የመሐንዲስ መኮንን ነበር። በዙላ ወደብ ድልድይና የባቡር ሐዲድ አሠራ፤ ከህንድ ባስመጣቸው 44 ዝሆኖች ከባዱን መሣሪያ አስጫነ፤ ተራራውን የሚወጡትን መድፎች ግን በበቅሎ ጀርባ የሚጫኑ አደረጋቸው። መሣሪያውን የመረጠው መንገዱን አይቶ ነበር።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ በአሮጌ ሜዳ ውጊያ ሆነ። ከፋላ አምባ የተተኮሱት የንጉሡ መድፎች አብዛኛው ጥይታቸው ከጠላት ራስ በላይ አለፈ፤ አንዱ ትልቅ መድፍም ባሩድ በዝቶበት ፈነዳ። ከኢትዮጵያውያን ወደ 700 የሚሆኑ ሲወድቁ፣ ከእንግሊዝ ወገን በቁስል የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። ዓፄ ቴዎድሮስም ሚያዝያ 6 ቀን፣ በትንሣኤ ማግስት፣ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ።

ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ይህን መድፍ የከንቱ ምኞት ምልክት አድርጎ ማየት ሥራውን ማሳነስ ነው፤ ነሐሱ ቀልጧል፣ ቅርጹን ይዟል፣ ከተፈለገበትም ቦታ ደርሷል። የጎደለው በመድፉ ዙሪያ ያለው ነው፤ የባሩዱን ልክ የሚያውቅ፣ ርቀቱን የሚለካ፣ በልምምድ የበሰለ ተኳሽ አልነበረም። እውቀቱም በጥቂት፣ በፈቃዳቸው ባልተቀመጡ የውጭ ሰዎች እጅ ስለነበር፣ እነርሱ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲወጡ ጋፋትም አብራ አበቃች። የአንድ መሣሪያ ንድፍ የሚሸከመውን መንገድ፣ የሚያሠራውን ሰውና የሚተካውን ተማሪ አብሮ ካልያዘ፣ የቱንም ያህል ቢገዝፍ ሙሉ እንደማይሆን የዓፄ ቴዎድሮስ ሕይወት ለመሐንዲስ ሁሉ ያስረዳል።