የጃንሆይ የእጅ ሰዓት

በሐምሌ 1884 ዓ.ም. ኤጀርሳ ጎሮ ተወልደው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ጃንሆይ፣ አንዲት የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ነበረቻቸው። በ1947 ዓ.ም. ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ የተበረከተችላቸው ናት ይባላል። ቀንን፣ ወርንና ጨረቃን ትቆጥራለች። ስፋቷ ግን 37 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ቦሌ ላይ ከሩቅ ከሚያብረቀርቁት አጠገብ የልጅ ሰዓት ትመስላለች። ለዘወትር ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንኑ ልክ ነው፤ ከሸሚዝ እጅጌ ሥር ይገባል።

መካነ ሰላም ላደግሁት ለእኔ ግን የ1965ቱንና የ66ቱን የወሎ ረሃብ፣ መንግሥታቸውም መደበቁን ሳያነሱ ሰዓቷን ማድነቅ ይከብደኛል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ በእስር ላይ ሞቱ።

በኅዳር 2010 ዓ.ም. ክሪስቲስ ሰዓቷን ጄኔቭ ላይ ሊሸጣት ሲል ከቤተሰቡ የባለቤትነት ጥያቄ ተነሥቶ ከጨረታው ወጣች። ለንጉሠ ነገሥት በሥልጣኑ የተሰጠ ስጦታ የአገር ነው ባይ ነኝ። የሕግ ጓደኞቼ ግን አይስማሙኝም።