ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታና ትናንሾቹ የጠረፍ መርከቦች

የመርካቶ ልጅና ባሕር ኃይል ምን አገናኛቸው የሚለኝ አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው፤ መርካቶ ውስጥ የሚሸጠው አብዛኛው የውጭ ዕቃ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ዛሬ መግቢያው ጅቡቲ ቢሆንም በአያቶቻችን ዘመን ምጽዋና አሰብም ነበሩ። ቀረጥ ከፍሎ ያስመጣ ነጋዴ፣ በኮንትሮባንድ የገባ ጨርቅ ከጎኑ በርካሽ ሲሸጥበት ምን እንደሚሰማው ሰፈራችን በደንብ ያውቃል። ስለዚህ ያንን ጠረፍ ማን ይጠብቀው ነበር ብዬ ስፈልግ ያገኘኋቸው ሰው ሪር አድሚራል ልዑል እስክንድር ደስታ ናቸው።

የአባታቸውን ስም በራስ ደስታ ሆስፒታል ምክንያት ሁላችንም እንጠራዋለን። ራስ ደስታ ዳምጠው በደቡብ ግንባር ጣሊያንን ሲዋጉ ቆይተው በየካቲት 1929 ዓ.ም. ተይዘው ተረሸኑ። በ1926 ዓ.ም. የተወለዱት እስክንድር ያኔ ገና ሕፃን ነበሩ። እናታቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅ ናቸው። ልጅነታቸው በስደት ተጀመረ፤ ኋላም እንግሊዝ አገር ዌሊንግተን ኮሌጅ፣ ከዚያም ዳርትማውዝ በሚገኘው የባሕር ኃይል ኮሌጅ ተማሩ።

በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሐድ አገሪቱ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የባሕር ጠረፍ አገኘች፤ ጠባቂ መርከብ ግን አልነበራትም። ባሕር ኃይሉ የተቋቋመው በእንግሊዝና በኖርዌይ መኮንኖች እገዛ ነው። ዋና ሰፈሩ ምጽዋ፣ የመኮንኖች ኮሌጁ አስመራ ሆነ። ልዑል እስክንድር ምክትል አዛዥ ይባሉ እንጂ የሥራው መሪ እሳቸው ነበሩ።

ስለ እሳቸው ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተገኘችው ትልቋ መርከብ፣ ኢትዮጵያ ናት። 95 ሜትር ገደማ ርዝመት ነበራት። በየዓመቱ ምጽዋ ላይ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ይገኙ ነበር፤ የታላላቅ መንግሥታት መርከቦችም ይመጡ ነበር። እኔ ግን ሥራውን ያየሁት በትናንሾቹ ነው። ከአሜሪካ የመጡት ጠረፍ ጠባቂዎች 29 ሜትር ገደማ ነበሩ። ዳህላክ ከ100 በላይ ደሴቶች አሉት፤ ውኃው ብዙ ቦታ ጥልቀት የለውም፣ ኮራል ድንጋዩም መርከብ ይቀዳል። ትልቅ መርከብ እዚያ አይገባም። የኮንትሮባንድ ጀልባ ደግሞ የሚሸሸገው እዚያው ነው። ተከትሎት ሊገባ፣ አስቁሞ ሊፈትሽ የሚችለው ትንሹ መርከብ ብቻ ነው። ትልቋ መኮንን ታሠለጥናለች፣ ባንዲራ ታሳያለች፤ ጠረፉን የሚያድሩበት ግን ትናንሾቹ ናቸው።

ሆኖም ታሪኩን አሳምሬ ብቻ ባልፈው ሐቀኛ አልሆንም። የኤርትራ የትጥቅ ትግል በ1953 ዓ.ም. መጨረሻ ከተጀመረ በኋላ እነዚያው መርከቦች በባሕር የሚገባ መሣሪያም ይፈልጉ ጀመር። በ1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ሲፈርስ ደግሞ ብዙ ኤርትራውያን በጠባቂው ዓይን ውስጥ ጠባቂ ሳይሆን ገዢ አዩ። ባሕሩን መጠበቅና የባሕሩን ዳር ሕዝብ ይዞ መቆየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው የታየው ያኔ ይመስለኛል።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ የምጽዋ መርከበኞችም አመፁን ተቀላቀሉ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች አንዱ ልዑል እስክንድር ነበሩ። ዕድሜያቸው 40 ነበር። አባትና ልጅ ሁለቱም በጥይት አለፉ፤ አንዱን የገደለው ወራሪ፣ ሌላውን የገደለው የገዛ አገሩ ሠራዊት ነው።

የንጉሥ የልጅ ልጅ ባይሆኑ ኖሮ በወጣትነታቸው ያን ሥልጣን ያገኙ ነበር ወይ ብንል፣ አያገኙም። ግን ሹመቱን ያገኙት በዘር ነው ብሎ ሥራውን መካድም ልክ አይደለም፤ ሙያው ተምረውበታል። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ሻዕቢያ ምጽዋን ሲይዝ የእግረኛና የታንክ ጦሩን ያገዙት ትናንሽ ፈጣን ጀልባዎች ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. የቀሩት መርከቦች ወደ የመንና ጅቡቲ ሸሹ።

መንግሥት ባሕር ኃይሉ ዳግም እንደሚቋቋም በ2010 ዓ.ም. አስታውቋል። ወሬው በትልልቅ መርከብ እንዳይጀመር እመኛለሁ። ከእስክንድር ዘመን የምንማረው ጠረፍን ትንሽ መርከብ እንደሚጠብቀው፣ ትንሹን መርከብ ደግሞ የወደቡ ሕዝብ ፈቃድ እንደሚያቆመው ነው።