ተሰማ እሸቴ

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ (1869–1957 ዓ.ም.) ባለቅኔ፣ ማሲንቆ ተጫዋችና የቤተ መንግሥት ሹም ነበሩ። ሙዚቃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ በመሆን ይታወቃሉ።

የሕይወት ታሪክ

ተሰማ በሸዋ፣ ምንጃር ተወለዱ። አውቶሞቢል ወደ አገር መግባት በጀመረበት በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ መንዳትና መጠገን እንዲማሩ ወደ ጀርመን ላኳቸው። እዚያ ሳሉ ማሲንቋቸውን እየመቱ ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀረጹ። በዘመኑ ማሲንቆ የአዝማሪ ሙያ ነበር፤ አዝማሪም በጨዋታው ቢወደድም በማኅበራዊ ደረጃ ዝቅ ተደርጎ ይታይ ነበር። ተሰማ ግን መሣሪያውን ከሹመት ጋር አብረው ያዙት።

በልጅ ኢያሱ ዘመን የቅርብ ባለሟል ሆኑ፤ የፖስታ፣ ቴሌግራፍና ቴሌፎን ሚኒስትርነትም ተሾሙ። ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ የእርሳቸውም ሹመት አብሮ ወደቀ። ታዋቂው የስፖርት መሪ ይድነቃቸው ተሰማ ልጃቸው ነው፤ የአባቱን ግጥሞችና ታሪክም «ሰምና ወርቅ» በሚል ርእስ አሰባስቧል።

ሸክላዎቹና የዜማ ምንጭ

ማሲንቆ በቆዳ የተለበጠ ገበቴና ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ያለው፣ በደጋን የሚመታ መሣሪያ ነው። ዜማው ከአባት ወደ ልጅ በጆሮ ይተላለፋል እንጂ በጽሑፍ አይቀመጥም። ስለዚህ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ሰርግ ላይ የሚሰማ አሮጌ ዜማ መጀመሪያ የማን እንደነበር መለየት አስቸጋሪ ነው። አዝማሪው ከቦታ ቦታ ይዞራል፤ ግጥሙን እንደ አድማጩ ይለዋውጣል፤ ዜማውንም በራሱ ጣት ያስጌጠዋል። ስምም ሁልጊዜ አያስተማምንም፤ ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስሞች ቢሆኑም፣ በቅኝቶቹ የሚጫወተው ግን ጎጃሜውም ጎንደሬውም ነው።

የተሰማ ሸክላዎች ዋጋ እዚህ ላይ ነው። አንድ ዜማ በሸክላ መገኘቱ ተሰማ ደራሲው ናቸው ማለት አይደለም፤ ቢያንስ በዚያ ዘመን እንደነበረና እንዴት ይዜም እንደነበር ግን ያሳያል። ከዚያ በፊት ያለው ታሪክ በአፍ ትውፊት ላይ የቆመ ነው።

ቅጂዎቹ በ2011 እ.ኤ.አ. በኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበም 27ኛ ቅጽ እንደገና ታትመዋል። ዛሬ ተማሪዎች የዘመኑን ማሲንቆ አመታት ከአሁኑ ጋር በጆሯቸው ማወዳደር ይችላሉ።