ቆፍጣናው የፊልም ተዋናይ ሀምፍሬ ቦጋርት



ስለ ጀግና ሰው ጻፍ ቢባል የጐንደር ልጅ ከአገሩ ሳይወጣ ብዙ ስም ሊጠራ ይችላል። እኔ ግን ለዘንድሮው መጽሔታችን ስለ አንድ የአሜሪካ የፊልም ተዋናይ ለመጻፍ መርጫለሁ። ምክንያቴም ሁለት ነው። አንደኛው፥ ቆፍጣናነት ማለት ፊትን ማኰሳተር፥ ሲጋራ በከንፈር ጥግ ማንጠልጠልና ሰውን በአጭር ቃል መመለስ የሚመስለን ወጣቶች ብዙ ስለ ሆንን፥ ይህን መልክ በዓለም ላይ ካሰራጩት አንዱ የሆነው ሰው በእውነት እንዴት እንደ ኖረ ማወቁ ይጠቅመናል። ሁለተኛው፥ በሠራው እጅግ የታወቀ ፊልም ውስጥ የአገራችን የኢትዮጵያ ስም መነሣቱ ነው። የኢትዮጵያ መሆኑን ካልገለጽሁ በቀር ዓመቶቹን የጻፍሁት በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ሀምፍሬ ቦጋርት በ1899 በልደት በዓል ቀን በኒውዮርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም፥ እናቱም በሥዕል ሥራቸው የታወቁ ሴት ነበሩ። ስለዚህ በፊልም እንደሚታየው በመንገድ ላይ ያደገ ልጅ አልነበረም፤ ሠራተኛ ባለበት ቤት በምቾት ያደገ የጨዋ ልጅ ነበር። ወላጆቹ በትምህርት እንዲገፋ ተመኝተው አንዶቨር ወደሚገኝ ስመ ጥር አዳሪ ትምህርት ቤት ሰደዱት፤ እሱ ግን በትምህርቱ አልበረታምና በ1918 ከዚያ ወጣ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ባሕር ኃይል ተቀጠረ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲያው ስላበቃ፥ የመርከብ ሥራው በአብዛኛው ወታደሮችን ከአውሮፓ ወደ አገራቸው መመለስ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ቴአትር ቤት ገባ። ከ1920ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ከአሥር ዓመት በላይ በመድረክ የተሰጠው ሥራ ምን እንደ ነበር ስታውቁ ትገረማላችሁ። ጠጕሩን አበጥሮ፥ ንጹሕ ልብስ ለብሶ፥ በሀብታም ቤት ሳሎን ውስጥ የሚመላለስ ለስላሳ ጐረምሳ መሆን ነበር። ከ1929 ወዲህ በአሜሪካ ታላቅ የገንዘብ ችግር ሲደርስ ቴአትር ቤቶች ባዶአቸውን ቀሩ፤ እሱም ሥራ አጣ። በ1934 አባቱ ሲሞቱ ያወረሱት ዕዳና አንድ የጣት ቀለበት ነበር። ዕዳውን ከፈለ፤ ቀለበቱንም በብዙ ፊልሞቹ ላይ በጣቱ እናየዋለን።

ዕድሉ የተለወጠው በ1935 ነው። ‹‹የደነደነው ጫካ›› በሚል ልንተረጕመው በምንችለው ቴአትር ላይ ዱክ ማንቲ የተባለውን ከእስር ያመለጠ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ እንዲጫወት ተመረጠ። ያ ለስላሳ ጐረምሳ ጢሙን ሳይላጭ፥ ትከሻውን ጐበጥ፥ እጁን ጠምዘዝ አድርጎ ሲወጣ ተመልካቹ ደነገጠ። በሚቀጥለው ዓመት ዋርነር የተባለው የፊልም ኩባንያ ቴአትሩን ወደ ፊልም ሲለውጠው፥ የማንቲን ቦታ በጊዜው ስመ ጥር ለነበረው ለኤድዋርድ ሮቢንሰን ሊሰጥ አሰበ። ነገር ግን የፊልሙ ዋና ተዋናይ እንግሊዛዊው ሌስሊ ሀዋርድ፥ ቦጋርት ከሌለበት እኔም የለሁበትም ብሎ ጸና። ኩባንያውም እሺ አለ። ሌስሊ ሀዋርድ በ1943 ይጓዝበት የነበረውን አውሮፕላን ጀርመኖች መትተው ስለ ጣሉት ሞተ። ቦጋርት ግን ውለታውን አልረሳም፤ በ1952 ሴት ልጅ ሲወልድ ስሟን ሌስሊ ሀዋርድ አላት።

የእንጀራው በር ቢከፈትም ክብሩ ገና ነበር። ከ1936 እስከ 1940 በተሠሩት ብዙ ፊልሞች ሥራው የወንበዴ ሎሌ መሆንና ፊልሙ ሳያልቅ በጥይት መውደቅ ነበር። ኩባንያው የሰጠውን ሥራ እንቢ ያለ ተዋናይ ደመወዙ ይቋረጥበት ስለ ነበር፥ መልካሙንም መናኛውንም ሠራ። በ1941 ጆርጅ ራፍት የሚባል ታላቅ ተዋናይ አልፈልግም ብሎ የተዋቸው ሁለት ፊልሞች ወደ ቦጋርት መጡ። ሁለቱም ዝነኛ አደረጉት፤ በተለይም ‹‹የማልታው ጭልፊት›› የተባለው። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 41 ዓመት ነበር። ሌላው ሰው ተስፋ ቈርጦ በሚቀመጥበት ዕድሜ እሱ ጀመረ ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ‹‹ካዛብላንካ›› እንምጣ። በዚህ ፊልም ቦጋርት በሞሮኮ መጠጥ ቤት ያለው ሪክ የተባለ ሰው ሆኖ ይታያል። ሪክ ለማንም ግድ የለኝም ባይ ነው። ነገር ግን የኋላ ታሪኩ ሲነገር፥ በ1935 ለኢትዮጵያ በድብቅ የጦር መሣሪያ ያቀበለ ሰው ሆኖ ይገኛል። ሪክ የደራሲ ፈጠራ ነው፤ የተጠቀሰው ችግር ግን እውነት ነበር። ጣልያን አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ጣልያን የራስዋ ፋብሪካ ስለ ነበራት ክልከላው የጐዳው ኢትዮጵያን ነበር። የፊልሙ ደራስያን አንድን ሰው ኰስታራ ቢመስልም ልቡ ለተበደለ የሚያዝን ነው ለማለት ሲፈልጉ፥ ያገኙት አጭር ማስረጃ ከኢትዮጵያ ጐን መቆሙን መናገር ሆነ።

እዚህ ላይ ለአዘዞ ልጅ ደስ የሚል የቀን መገጣጠም አለ። ጣልያኖች በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻውን ምሽግ ይዘው የቆዩት በዚሁ በጐንደር ዙሪያ ነበር፤ የአውሮፕላን ማረፊያ የነበረባት አዘዞም የጦር ሜዳ ነበረች። ጄኔራል ናሲ ለእንግሊዝ ጦርና ለአርበኞቻችን እጁን የሰጠው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ‹‹ካዛብላንካ›› በኒውዮርክ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ደግሞ ኅዳር 17 ቀን 1935 ዓ.ም.፥ ልክ ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ነበር።

ሪክ በፊልሙ መጨረሻ ትልቁን ጀግንነት የሚሠራው የሚወዳትን ሴት በመተው ነው። ባልዋ ከናዚዎች ጋር የሚታገል አርበኛ ስለ ሆነ፥ አብራው እንድትሄድ ያደርጋል። የታጠቀው ሽጕጥ ከዚህ ሥራ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

በ1943 በወጣው ‹‹ሰሐራ›› በተባለው ፊልም ደግሞ፥ በበረሃ ውሃ ጠምቷቸው ከሚዋጉት ወታደሮች አንዱ ታምቡል የሚባል ሱዳናዊ ነው። ጥቁር ተዋናዮች ከአሽከርነት ሌላ ቦታ እምብዛም በማይሰጣቸው ዘመን፥ ሬክስ ኢንግራም የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ከቦጋርት ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሞ ሲዋጋ ታየ።

በአገራችን ልማድ ፎካሪ የሚፎክረው የሠራውን ቈጥሮ ነው፤ ያልሠራውን ቢፎክር ይታፈራል። ተዋናይ ግን የሌላውን ፉከራ የሚፎክር ሰው ነው። ስለዚህ ቦጋርትን በራሱ ሥራ መመዘን አለብን። በዚህ ሚዛን የሚያስመሰግነውም የሚያስነቅፈውም አለ። መጠጥ ያበዛ ነበር፤ ሦስት ትዳሮቹም ፈርሰዋል። አራተኛ ሚስቱ ተዋናይት ሎረን ባኮል በ1945 ሲጋቡ የ20 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከእርስዋ ጋር ግን እስኪሞት ኖረ።

ትልቁ ፈተና የመጣበት በ1947 ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ የፊልም ሰዎችን ኮሚኒስት ናችሁ ወይ እያለ ሲመረምር፥ ቦጋርትና ሚስቱ ከሌሎች ተዋንያን ጋር ወደ ዋሽንግተን በአውሮፕላን ሄደው፥ ሰው በሐሳቡ አይጠየቅ ብለው ተቃወሙ። ይህ በፊልም ሳይሆን በእውነት የተደረገ ድፍረት ነበር። ነገር ግን ጋዜጦች ሲነሡበትና እንጀራው ሲያሠጋው በ1948 በአንድ መጽሔት ላይ ኮሚኒስት አለመሆኑን ጽፎ፥ ጕዞውም ስሕተት እንደ ነበረ ተናገረ። ለምርመራው አንመልስም ያሉት አሥር ሰዎች ታሰሩ። በፊልም ከሽጕጥ አፈሙዝ ፊት የማይበረግገው ሰው ሥራውን እንዳያጣ ፈራ። ይህን የምጽፈው ልኰንነው አይደለም፤ ማናችንም በዚያ ቦታ ብንቆም ምን እንደምናደርግ ራሳችንን እንድንጠይቅ ነው።

ከዚያ ወዲያ የሠራቸው ጥሩ ጥሩ ፊልሞች ቆፍጣናነቱን የጣለባቸው ናቸው። በኮንጎና በዩጋንዳ የተነሣውና በ1951 የወጣው ‹‹የአፍሪካዋ ንግሥት›› ላይ ሰካራም ጀልባ ነጂ ሆኖ ሠርቶ ኦስካር የተባለውን ሽልማት አገኘ። በ1954 ደግሞ ፍርሃት ያሸነፈው የመርከብ አዛዥ ሆኖ ተጫወተ። ፍርሃትን የሚያውቅ ሰው ፍርሃትን አሳምሮ አሳየ።

በመጨረሻም ያ በየፊልሙ ከከንፈሩ የማይለየው ሲጋራ ዋጋውን ጠየቀ። በ1956 የምግብ መውረጃ ቱቦ ካንሰር ተገኘበትና ከባድ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ሆኖም አልዳነም። ሰውነቱ አልቆ መራመድ ሲያቅተውም ወዳጆቹን በየምሽቱ ልብሱን ለብሶ፥ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ይቀበል ነበር። ጥር 6 ቀን 1949 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር፥ በ57 ዓመቱ ዐረፈ። በ1999 የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት ከጥንት የፊልም ወንዶች ተዋንያን አንደኛ አድርጎ መረጠው።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ ከዚህ ሰው ልንወስድ የሚገባን ባርኔጣውንና ጢሱን አይደለም። የአባቱን ዕዳ መክፈሉን፥ በትንሽ ቦታ ብዙ ዓመት ሳይታክት መሥራቱን፥ የወዳጁን ውለታ አለመርሳቱን እንውሰድለት። የዋሽንግተኑን ጕዞም ከነመጨረሻው እናስታውስ፤ ለእውነት መነሣት አንድ ነገር ነው፥ ነገ እንጀራችን ሲነካ በዚያው መጽናት ሌላ ነገር ነው።