ሴሉሎስን ያገኘው አንሰልም ፓየን

ሲ ኤም ሲ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን አዲስ አበባ ያለው ሰፈር ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከአንድ የጣሊያን የግንባታ ድርጅት ነው። ሌላም ሲ ኤም ሲ አለ፤ የጥርስ ሳሙናን የሚያወፍረው፣ አይስክሬምም ውስጥ የሚገባው ነጭ ዱቄት። ሙሉ ስሙ ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ ነው። እንዲህ ያለ ስም ዜና ላይ ሲመጣ እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ኬሚካል ብለን እናልፈዋለን፤ ሰውም ይደነግጣል። የመጨረሻዋን ቃል ታሪክ ላወቀ ግን ብዙም አያስፈራም።

አንሰልም ፓየን እ.ኤ.አ. በ1795 ፓሪስ ተወለደ (የቀሩት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ የኬሚካል ፋብሪካዎች ነበሩት፤ ልጁንም ቤት ውስጥ ራሱ አስተማረው። ፓየን ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው የቦራክስ ፋብሪካ መምራት ጀመረ። ያኔ የቦራክስ ንግድ በሆላንዶች እጅ ነበር። እሱ ከቦሪክ አሲድና ከሶዳ ሠርቶ በርካሽ ሸጠና ገበያውን ወሰደባቸው። ሀብታም ነጋዴ ሆኖ መኖር ይችል ነበር፤ እሱ ግን ወደ ምርምሩ አደላ።

በ1833 ከፐርሶ ጋር ሆኖ ከብቅል ዲያስቴዝን አወጣ። ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጥ ኢንዛይም ነው። የጎጃም እናቶች ጠላ ሲጠምቁ ብቅል የሚጨምሩት ለዚሁ ነው፤ ስም አላወጡለትም እንጂ ሥራውንስ ያውቁታል።

ትልቁ ግኝቱ በ1838 መጣ። የተለያዩ ዛፎችን እንጨት በናይትሪክ አሲድና በሌሎች ነገሮች ደጋግሞ ሲያጥብ መጨረሻ ላይ የሚቀረው አንድ ዓይነት ነገር ሆነ። ሲመረምረው ደግሞ የካርቦኑ፣ የሃይድሮጂኑና የኦክስጂኑ መጠን ከስታርች ጋር አንድ ነው! ታዲያ የጤፉ ፍሬ ለእኛ እንጀራ ሲሆን ጭዱ ለምን ለከብት ብቻ ሆነ? ዛሬ እንደሚታወቀው ሁለቱም የግሉኮስ ሰንሰለት ናቸው፤ የሚለዩት በአያያዛቸው ነው። የእኛ ሆድ የጭዱን ማያያዣ መፍታት አይችልም፤ በከብት ሆድ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ግን ይፈቱታል።

ሴሉሎስ የሚለው ስም በጽሑፍ የወጣው በ1839 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ስለ ፓየን ሥራ ባቀረበው ሪፖርት ነው። ልጁ የሱ፣ ስም ያወጡለት ጎረቤቶች እንደማለት ነው። ቃሉ የመጣው ሴል ከሚለው ነው።

ፓየን በ1871 ፓሪስ በኮሙን አመፅ ስትታመስ አረፈ። ሲ ኤም ሲን አላየም። ሴሉሎስ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ከሱ ሞት ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ግን ጀርመን ውስጥ በኮስቲክ ሶዳ ነክረው ከክሎሮአሴቲክ አሲድ ጋር አዋሐዱት። ያኔ ካርቦክሲሜቲል የተባለው ቅጥያ ሰንሰለቱ ላይ ተለጠፈ፤ ውሃ የማይደፍረው ሴሉሎስም እየሟሟ እንደ አጥሚት ወፈረ። የምግብ ማሸጊያ ላይ ኢ 466 ተብሎ የሚጻፈው ይኸው ነው።