መውደቅን ያስተማሩት መምህር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያቀና መንገደኛ ጣናን በስተግራው አድርጎ ጥቂት እንደተጓዘ ሐሙሲትን ያገኛል። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔን የሚስቡት ከከተማዋ ወጣ ብሎ በግጦሹ ላይ ትግል የሚገጥሙ እረኞች ናቸው። ልብ ብሎ ላያቸው ትግላቸው ሕግ አለው። ጀርባው መሬት የነካ ተሸንፏል፤ የወደቀ ደግሞ አይመታም። ይህን ሕግ ያወጣ ምክር ቤት የለም፤ ግን ይከበራል።

ውድ አንባብያን፣ የእረኞቹን ትግል ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የከተማ ወጣቶቻችን ከካራቴና ከቴኳንዶ አልፈው በስልካቸው እያዩ የሚመኙት፣ ብራዚላዊ ጁጂትሱ የሚባል የመሬት ላይ ትግል አለ። ብራዚላዊ ይባል እንጂ የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከአንድ ጃፓናዊ የትምህርት ሰው ነው። እኚህ ሰው ጂጎሮ ካኖ ይባላሉ። ጉልበት ያለው ሁሉ ራሱን ሕግ አድርጎ በሚቆጥርበት በዚህ ዘመን፣ ጉልበትን ከሕግ ጋር ያስታረቁትን የእኚህን ሰው ሕይወት ማውሳት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካኖ በ1860 የተወለዱት ዛሬ የኮቤ ከተማ አካል በሆነችው ሚካጌ፣ ሳኬ የተባለውን የሩዝ መጠጥ በመጥመቅ ከታወቀ ባለጸጋ ቤተሰብ ነው። በልጅነታቸው እናታቸውን በሞት አጥተው ወደ ቶኪዮ ሄዱ። በትምህርታቸው የሚታሙ አልነበሩም፤ ችግራቸው አጭርና ቀጫጫ መሆናቸው ነበር። በአዳሪ ትምህርት ቤት የጉልበተኞች መጫወቻ ሆኑ። ደካማው ብርቱውን የሚጥልበት ጁጂትሱ የሚባል ጥበብ እንዳለ ሲሰሙ አስተማሪ ፍለጋ ተነሱ።

አስተማሪ ማግኘት ግን ቀላል አልነበረም። ከ1868 የሜጂ ለውጥ በኋላ ጃፓን ፊቷን ወደ ምዕራቡ ዓለም አዙራ ነበር። የሳሙራይ መደብ ማዕረጉን ተገፈፈ፤ ጁጂትሱም ኋላ ቀር ተብሎ ተናቀ። ከጥበቡ ባለቤቶች አንዳንዶቹ የሚተዳደሩት በወጌሻነት ነበር። ወጣቱ ካኖ ይህን በማወቃቸው ወጌሻ እየፈለጉ ጁጂትሱ ያውቁ እንደሆነ ይጠይቁ ጀመር። በዚህ መንገድ ነው በ1877 የመጀመሪያ መምህራቸውን ፉኩዳ ሃቺኖሱኬን ያገኙት። በዚያው ዓመት ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ፉኩዳ በ1879፣ ሁለተኛው መምህራቸው ኢሶ ደግሞ በ1881 አረፉ። ካኖ ወደ ሦስተኛ መምህር ሄዱ። መምህር በሞተ ቁጥር ዕውቀት አብሮ እንደሚቀበር የተረዱት ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

በ1882፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳሉ፣ በቶኪዮ ኤይሾ በተባለ ቤተ መቅደስ ውስጥ 12 ምንጣፍ በምታህል ክፍል ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። በመጀመሪያው ዓመት የነበሯቸው ተማሪዎች 9 ብቻ ነበሩ። ለሚያስተምሩት ጥበብም ጁዶ የሚል ስም ሰጡት፤ ጥበብ የሚለውን ቃል መንገድ በሚለው ለወጡት ማለት ነው።

ለውጡ የስም ብቻ አልነበረም። የቀድሞ መምህራን የረቀቀውን ብልሃት ለተመረጠ ደቀ መዝሙር ብቻ በምስጢር ሲያስተላልፉ፣ ካኖ ግን ምክንያቱን በግልጽ ያስረዱ ነበር፤ ተጋጣሚን ከመጣል በፊት ሚዛኑን ማሳት ይቀድማል የሚለው ትምህርት አንዱ ነው። ለጉዳት የሚዳርጉትን ምቶች ከነፃ ልምምድ አውጥተው፣ አስቀድሞ በተወሰነ ቅደም ተከተል በሚሠራ ልምምድ ውስጥ ብቻ አስቀሩ። ጀማሪ ማንንም ከመጣሉ በፊት ራሱ ሳይጎዳ መውደቅን ይማራል። የተያዘ ሰው ምንጣፉን ወይም ተጋጣሚውን በእጁ መታ መታ ካደረገ ወዲያው ይለቀቃል። ዛሬ በዓለም የታወቀው የጥቁር ቀበቶ ሥርዓትም መነሻው ኮዶካን ነው።

እንደ ሕግ ተማሪነቴ ከዚህ ሁሉ የሚደንቀኝ ያቺ መታ መታ ናት። የአሸናፊው ጉልበት በተሸናፊው ምልክት ይገደባል። ይህ ባይኖር ማንም አንገቱን ለባልንጀራው አሳልፎ አይሰጥም፤ መማርም አይኖርም። ሕግ ማለትስ ከዚህ የተለየ ምን ነው?

ካኖ በሙያቸው መምህር ነበሩ። የቶኪዮን ከፍተኛ የመምህራን ማሠልጠኛ ከሃያ ዓመታት በላይ መርተዋል። ለቻይናውያን ተማሪዎች ትምህርት ቤት ከፍተዋል፤ በ1926 በኮዶካን የሴቶች ክፍል አቋቁመዋል። በ1909 ከእስያ የመጀመሪያው የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆኑ። በ1912 ሁለት አትሌቶች ይዘው ስቶክሆልም ሄዱ።

ከኮዶካን ልጆች አንዱ ሚትሱዮ ማኤዳ በ1904 ከጃፓን ወጥቶ፣ አገር ላገር ሲታገል ቆይቶ በ1914 ብራዚል ገባ። በቤሌም ከተማ ካስተማራቸው ወጣቶች መካከል ካርሎስ ግሬሲ ይገኝበታል። ካርሎስና ወንድሞቹ የምድር ላይ ትግሉን አዳብረው ብራዚላዊ ጁጂትሱ አደረጉት።

ታሪኩ ወደ እኛም ይዞራል። አባቶቻችን ጃፓንን አርአያ ያደረጉበት ጊዜ ነበር። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ያረቀቁት የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሜጂን ሕገ መንግሥት የተከተለ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይም ቶኪዮ ድረስ ሄደው ያዩትን ጽፈዋል። ሆኖም በ1935 መጀመሪያ ሁለት የኮሚቴው ጃፓናውያን አባላት ሮም ሄደው ሙሶሊኒን ለመኑ፤ እርሱም የ1940ውን ኦሊምፒክ ለቶኪዮ ለቀቀ። በዚያው ዓመት ወረረን። በ1936 አዲስ አበባ በተያዘች በሦስት ወር ውስጥ ቶኪዮ ተመረጠች። ለዚህ ምርጫ ሲደክሙ የኖሩት ካኖ ነበሩ። ጨዋታው አሕዛብን ያቀራርባል ብለው ከልብ ያምኑ ይሆናል፤ ነገር ግን የወደቀ አይመታም የሚለው ሕግ ከምንጣፉ ውጭ አልሠራም። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ታሪካቸውን ማጉደል ነው።

በ1937 ጃፓን ቻይናን ወረረች። በ1938 ካኖ የዓባይ ውኃ በሚያልፍባት ካይሮ ተሰብስቦ ለነበረው ኮሚቴ ስለ ቶኪዮ ተከራክረው ሲመለሱ፣ ሜይ 4 ቀን ሂካዋ ማሩ በተባለች መርከብ ላይ በሳንባ ምች አረፉ። ዕድሜያቸው 77 ነበር። ከሁለት ወር በኋላ መንግሥታቸው ዝግጅቱን ተወው።

ቶኪዮ ጨዋታውን ያስተናገደችው በ1964 ነው፤ ጁዶም የኦሊምፒክ ስፖርት ሆነ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ከትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ሳምንታት በኋላ በዚያች ከተማ ማራቶንን አሸነፈ። ከሁለት ቀን በኋላ ሆላንዳዊው አንቶን ጌሲንክ ጃፓናዊውን ካሚናጋን በጃፓኖች ፊት ረታ። ደጋፊዎቹ በደስታ ወደ ምንጣፉ ሲሮጡ ግን ጌሲንክ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው፤ ከዚያም ለተሸናፊው እጅ ነሳ። መምህሩ በሕይወት ቢኖሩ ከሜዳሊያው ይልቅ በዚያች የተዘረጋች እጅ የሚደሰቱ ይመስለኛል።

ስፖርቱን ለሚመኙ ወጣቶቻችን የምለው አጭር ነው። ጥሎ ማሸነፍን የሚያስተምር ሞልቷል። እናንተ ግን መውደቅንና መልቀቅን አስቀድሞ የሚያስተምር ፈልጉ። ካጣችሁ፣ ከሐሙሲት ወጣ ብላችሁ እረኞቹን ተመልከቱ።

ቸር ይግጠመን።